ስሙ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ፤ የጥንት ፍርስራሽንና ቅርስን በሥዕል አይቶ ስለ መለየት

አንድ ፎቶግራፍ አርእስትም መግለጫም ሳይጻፍበት በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በዙሪያው ያሉት ሰዎች በየተራ እየተመለከቱ የሚታየው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ በየትኛው አገር እንደሚገኝ፣ በየትኛው ዘመን እንደ ተሠራና ለምን አገልግሎት እንደ ዋለ ይናገራሉ። ሳያውቁት ከቀሩ ፎቶግራፉን ያመጣው ሰው መልሱን ይገልጻል። ጨዋታው ይኸው ነው። በአገራችን ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ የተረታው «አገር ስጠኝ» እንደሚባል ሁሉ፣ በዚህም ጨዋታ የሚፈለገው አገር ነው። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። በእንቆቅልሽ ጎንደርን ወይም ሐረርን ብንሰጥ ከተማው ከቦታው አይነቃነቅም፤ አንድን የጥንት ሥራ ላልሠራው ሕዝብ የሰጠ ሰው ግን ከሠራው ሕዝብ ይወስድበታል። ይህም በእውነት የተደረገ መሆኑን ወደ ታች እንገልጻለን።

ስለዚህ በእኛ ዘንድ ጨዋታው አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ከ10 ነጥብ 3ቱ ለመልሱ፣ 7ቱ ለምክንያቱ ይሰጣሉ። በትክክል የመለሰ ሰው «ከምን አወቅኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ «እንዲሁ መሰለኝ» ካለ ሦስት ነጥቡን ይዞ ይቀመጣል። አገሩን የሳተ ሰው ደግሞ ያየውን ምልክት በሚገባ ካስረዳ ሰባት ሊያገኝ ይችላል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሕግ ግፍ ነው ይሉታል። እኛ ግን ከጨዋታው ሕጎች ሁሉ የሚጠቅመው እርሱ ነው ብለን እናምናለን፤ ለምን እንደዚህ እንደምናምን ማስረዳትም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

እንዲህ ያለው ጨዋታ በውጭ አገር የቆየ ነው። በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ከ1951 እስከ 1965 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ዋት ኢን ዘ ወርልድ» የተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነበረው። የቤተ መዘክሩ ዲሬክተር ፍሮሊክ ሬይኒ ከግምጃ ቤታቸው ዕቃ እያወጡ ለሊቃውንት ያቀርቡ ነበር። መልሱ ለተመልካቹ አስቀድሞ ስለሚነገር የማያውቁት ሊቃውንቱ ብቻ ነበሩ። በእንግሊዝም ቢቢሲ ከ1952 እስከ 1959 ይህንኑ የመሰለ «አኒማል፣ ቬጀታብል፣ ሚኔራል» የሚባል ዝግጅት ያቀርብ ነበር፤ ሰብሳቢው ግሊን ዳንኤል፣ ከመላሾቹም ስመ ጥሩው ሰር ሞርቲመር ዊለር ነበሩ። ዊለር በዚሁ ምክንያት በ1954 የዓመቱ የቴሌቪዥን ሰው ተብለው ተመረጡ። መምህሮቻችን ይቅርታ ያድርጉልንና፣ አንድ ፕሮፌሰር በሕዝብ ፊት ራሱን ሲያክ ማየት የሚያስደስት ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ግን እነዚያ ሊቃውንት ዕቃውን በእጃቸው ይይዙት ነበር። ይመዝኑታል፣ በጣታቸው ያንኳኩታል፣ ገልብጠው ሥሩን ያዩታል። ፎቶግራፍ ይህን ሁሉ አይፈቅድም፤ ከአንድ ሥፍራ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይን የታየውን ብቻ ይሰጠናል።

በመጀመሪያ የሚሰውረው መጠንን ነው። በካይሮ ቤተ መዘክር ውስጥ ኩፉ የተባለው የግብፅ ንጉሥ በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ የሚታይበት አንድ ምስል አለ። ፎቶግራፉን ብቻ ያየ ሰው፣ ፊቱ ግርማ ያለው አቀማመጡም የኮራ ስለ ሆነ፣ በአንድ ታላቅ አደባባይ የቆመ ድንጋይ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከዝሆን ጥርስ የተሠራና ቁመቱ 7.5 ሳንቲሜትር ብቻ የሆነ፣ በመዳፍ የሚያዝ ምስል ነው። ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1903 በአቢዶስ ሲያገኙት ራሱ ተሰብሮ ጠፍቶ ስለ ነበረ፣ የተቆፈረው አፈር ሦስት ሳምንት ሙሉ በወንፊት እየተነፋ ከተፈለገ በኋላ ተገኘ። ከፍታው 146 ሜትር የነበረውን ታላቁን ፒራሚድ ያሠራው ንጉሥ፣ ስሙ ተጽፎበት ሳይጎድል የተገኘ ምስሉ ይህ ትንሹ ብቻ ነው። ስለዚህ በፎቶግራፍ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው መጠንን የሚናገር ነገር ነው፤ የቆመ ሰው፣ አህያ፣ የበር መቃን፣ የሣር ቅጠል። የቁፋሮ ሊቃውንት ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ በፎቶግራፋቸው ውስጥ የሚያቆሙት ለጌጥ አይደለም።

ብርሃንም እንዲሁ ያታልላል። ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ ስለ ለመደ፣ ከታች የበራበትን ቅርጽ ስናይ የተቦረቦረው ጉብታ፣ ጉብታውም ጉድጓድ ይመስለናል። የግብፅን ጥርብ ግድግዳ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ግራ ቢያጋባን ገልብጠን ማየት ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚህም ሌላ በእኩለ ቀን ፀሐይ ፈጽሞ የማይታይ ጽሕፈት ወደ ማታ፣ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ፣ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በእንግሊዝ አገር ስቶንሄንጅ በተባለው የድንጋይ ክበብ ሪቻርድ አትኪንሰን ሐምሌ 10 ቀን 1953 በ53ኛው ድንጋይ ላይ የነበረውን የ17ኛው መቶ ዓመት ጽሕፈት ፎቶግራፍ ለማንሣት ብርሃኑ እስኪመቻች ድረስ ወደ ማታ ጠበቁ። በካሜራው ሲመለከቱ ከጽሕፈቱ በታች የጩቤ ቅርጽ አዩ። ያን ድንጋይ ስንት የተማረ ሰው አይቶት አልፏል! ከዚያ ወዲህ በስቶንሄንጅ ድንጋዮች ላይ ከ100 በላይ የመጥረቢያ ቅርጾች ተቆጥረዋል።

መጠኑና ብርሃኑ ከታወቀ በኋላ ወደ አሠራሩ መድረስ ይገባል። በዚህ ላይ ሁለት የስንፍና መልሶች እንዳሉ አስተውለናል። አንደኛው «ለአምልኮ ያገለግል ነበር» የሚለው ነው፤ ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ ዕቃው ለምን እንደ ዋለ ያላወቀ ሰው ነው፤ የታወቁ ሊቃውንትም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ሁለተኛው «ግብፅ ነው» የሚለው ነው። አሸዋና ፒራሚድ የታየበት ፎቶግራፍ ሁሉ ወዲያው ግብፅ ይባላል። ነገር ግን ፒራሚዶቹ ተርታውን ተጠጋግተው የቆሙ፣ ቀጠን ብለው ወደ 70 ዲግሪ ያህል ሽቅብ የቀኑ፣ በምሥራቅ ወገናቸው ትንሽ የጸሎት ቤት የተለጠፈባቸው፣ ጫፋቸውም የተቆረጠ ቢሆን አገሩ ጎረቤታችን ሱዳን፣ ሥፍራውም መሮዌ ነው። የጊዛ ታላቁ ፒራሚድ ጎን ወደ 52 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘነበለ ነው። ጫፎቹ የተቆረጡበትም ምክንያት ይታወቃል፤ ፌርሊኒ የተባለ ጣሊያናዊ በ1834 ወርቅ ፍለጋ ብዙዎቹን አፍርሷቸዋል። ስለዚህ በዚያ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው የተሰበረ ጫፍ ራሱ አገርንና ዘመንን የሚናገር ምልክት ሆኗል።

ከአለት የተፈለፈለ ሕንፃ ሲመጣ ጥንቃቄው ይበዛል። ባለ ዓምድ የመቃብር ፊት በቀይ አለት ላይ ተቀርጾ ያየ ሁሉ «ፔትራ» ይላል። ፔትራን የቀረጹት ናባጣውያን ግን ከዚያ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዛሬ በሳዑዲ ዓረቢያ በሚገኘው በሄግራም ይህንኑ የመሰለ መቃብር ቀርጸዋል። ከነዚህም አንዱ ብቻውን በቆመ አለት ላይ ያለው ቀስር አል ፋሪድ ነው፤ የታችኛው ክፍሉ ሳይጨረስ ስለ ቀረ ጠራቢዎቹ ሥራቸውን ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይወርዱ እንደ ነበር በዓይን ያስረዳል። ከላይ ወደ ታች መፈልፈል ግን የአንድ ሕዝብ ብቻ ጥበብ አይደለም። በሕንድ በኤሎራ ያለው የካይላሳ ቤተ መቅደስ በ8ኛው መቶ ዓመት እንዲሁ ከአለት ተፈልፍሎ ወጥቷል፤ የእኛም ላሊበላ እንዲሁ ነው። እንግዲህ «ከአለት የተፈለፈለ» ማለት ብቻውን አገርን አያሳይም። አገርን የሚያሳየው ሠሪው ሳያስብበት ከአባቶቹ ሥራ ይዞት የመጣው ልማድ ነው።

ለዚህ ከአክሱም የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በታላላቆቹ ሐውልቶች ላይ በየፎቁ መካከል ተርታውን የተደረደሩ ክብ ነገሮች ይታያሉ፤ ለማያውቅ ሰው እንዲያው ጌጥ ይመስሉታል። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ፎቶግራፍ ከጎኑ ሲቀመጥ ግን ምሥጢሩ ይገለጣል። በዚያ ግድግዳ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ ተሠርተዋል፤ ግድግዳውን የሚያያይዙት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ብሏል። «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የአክሱም ጠራቢ በእንጨት የተሠራውን ቤት በድንጋይ አስመስሎ ቀረጸው ማለት ነው፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ የእንጨቱንም ጫፍ ሳይቀር። ሦስተኛውን ፎቶግራፍ፣ የላሊበላውን ቤተ አማኑኤል፣ ስንጨምር ደግሞ ግድግዳው ወጣ ገባ እያለ ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ድርድር ያሳያል፤ ሕንፃው ግን አንድ ወጥ አለት ስለ ሆነ እንጨትም ማያያዣም አያስፈልገውም ነበር። ከሐውልቶቹ እስከ ላሊበላ ከ800 ዓመት በላይ ነው። ይህን በሦስት ፎቶግራፍ ለማሳየት ችሎታ ያለው ተማሪ 10 ከ10 ይገባዋል።

አክሱም ሌላም ጨዋታ ይሰጠናል፤ ይኸውም የፎቶግራፉን ዘመን ማወቅ ነው። ቁመቱ 24 ሜትር የሆነው ሐውልት በመሬት ላይ ተሰባብሮ ቢታይ፣ ፎቶግራፉ ከፋሺስት ወረራ በፊት የተነሣ ነው፤ በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት የመጣው የጀርመን ጓድ ያነሣቸው ፎቶግራፎች እንደዚህ ናቸው። ሐውልቱ ቆሞ በስተኋላው መስኮቱ የበዛ ነጭ ዘመናዊ ሕንፃ ቢታይ ከተማው ሮም፣ ጊዜውም ከ1937 እስከ 2003 ባለው ውስጥ ነው። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል መሠረት ኢጣሊያ በ18 ወር ውስጥ ልትመልሰው ይገባ ነበር፤ የተመለሰው ግን በ2005 ነው። በአክሱም ሁለት ታላላቅ ሐውልቶች ጎን ለጎን ቆመው ቢታዩ ደግሞ ፎቶግራፉ ከ2008 ወዲህ የተነሣ ነው። 33 ሜትር የነበረው ትልቁ ሐውልት በሁሉም ፎቶግራፍ ወድቆ ስለሚታይ በዚህ ነገር አይረዳንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመለስ። በደቡብ አፍሪቃ ክፍል፣ ዛሬ ዚምባብዌ በተባለው አገር፣ በታላቋ ዚምባብዌ ያለው ታላቁ ቅጥር እስከ 11 ሜትር ከፍታ ያለውና ዙሪያው ወደ 250 ሜትር የሚጠጋ ነው። ጥቁር ድንጋዩ እንደ ጡብ እየተስተካከለ ያለ ኖራና ያለ ጭቃ የተደረደረ ሲሆን፣ ግድግዳው ማዕዘን የሌለው ክብ፣ በላዩም ዘግዛጋ ጌጥ ያለበት ነው። ካርል ማውኽ የተባለው ጀርመናዊ በ1871 እዚያ ደረሰ። ከአንዱ በር ጉበን እንጨት ፈልጦ ከእጁ እርሳስ ጋር አስተያየው፤ እርሳሱ የዝግባ ወገን ከሆነ እንጨት የተሠራ ነበርና ጉበኑም የሊባኖስ ዝግባ ነው አለ፤ የሊባኖስን ዝግባ ሊያመጣ የሚችል ፊንቄያዊ ብቻ ነው አለ፤ እንግዲያው ቤቱ የንግሥተ ሳባ ነው ብሎ ደመደመ። እንጨቱ ግን በዚያው አገር የሚበቅል ነበር። ከአንድ ቁራጭ እንጨትና ከአንድ እርሳስ ተነሥቶ አንድ ሕዝብ አባቶቹ የሠሩትን ከተማ አጣ!

ቴዎዶር ቤንት በ1891 በዚያ ቆፍሮ የአገሬው ሰው የሚሠራውን የመሰለ ሸክላ ቢያገኝም፣ ሠሪዎቹ ከዓረብ አገር የመጡ ናቸው የሚለውን ሐሳብ አልተወም። ይኸው ሰው በ1893 ወደ አክሱም መጥቶ ስለ እርስዋም መጽሐፍ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሪቻርድ ሆል የባሰ አደረገ፤ ከ1902 እስከ 1904 ፍርስራሹን «ለማጽዳት» ብሎ ዘመንን ሊያሳይ ይችል የነበረውን አፈር ከሥፍራው አስጠርጎ አስጣለው። ዴቪድ ራንዳል ማካይቨር በ1905፣ ገርትሩድ ካተን ቶምሰንም በ1929 በጥንቃቄ ቆፍረው ከተማውን የሠሩት አፍሪቃውያን መሆናቸውን አስረዱ። ታላቋ ዚምባብዌ ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት የተሠራች የሾና ሕዝብ አባቶች ከተማ መሆንዋ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የሮዴዥያ የነጮች መንግሥት እውነቱ እንዳይነገር ይጫን ስለ ነበረ፣ የሐውልቶች ተቆጣጣሪ የነበሩት ፒተር ጋርሌክ በ1970 አገሩን ለቀው ሄዱ። በ1980 ነፃነት ሲገኝ አገሩ ስሙን ከዚሁ ፍርስራሽ ወሰደ።

ይህን ታሪክ በጨዋታችን ሚዛን ብንመዝነው ማውኽ የሳተው ምልክት ስላልፈለገ አይደለም፤ ፈልጓል። የሳተው አስቀድሞ የወደደውን መልስ የሚያግዝ አንድ ምልክት ሲያገኝ ፍለጋውን ስላቆመ ነው። ደግሞም ፎቶግራፉ ራሱ የማይነግረን ነገር አለ። በድንጋዩ ቅጥር ውስጥ ሰዎቹ የሚኖሩባቸው የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ አሠራራቸውም በአካባቢው ያለው ሕዝብ እስከ ቅርብ ጊዜ ይሠራው እንደ ነበረው ያለ ነው። ጭቃው ፈርሶ፣ ከፊሉም በጽዳት ስም ተጠርጎ፣ ድንጋዩ ብቻ ቀረ። ዛሬ የምናየው ፎቶግራፍ ድንጋዩን ብቻ ስለሚያሳይ ሕንፃው ከየትም ያልመጣ እንግዳ ነገር ይመስላል። በሥዕሉ ውስጥ ያለውን መቁጠር ብቻ ሳይሆን፣ ምን ነበረበት አሁን የሌለው ብሎ መጠየቅም ከመላሹ ይጠበቃል።

ፎቶግራፍ አገርን ለባለቤቱ ሲመልስም ታይቷል። በ2008 የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ቤት ናታራጃ የሚባለውን፣ ሺቫ በእሳት ክበብ መካከል ሲጨፍር የሚያሳየውን የነሐስ ምስል፣ በ5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛ። ሻጩ ያቀረበው ወረቀት ምስሉ ከሕንድ ከወጣ ብዙ ዘመን እንደ ሆነው ይገልጽ ነበር። ነገር ግን በሕንድ በፖንዲቼሪ ያለው የፈረንሣይ የምርምር ተቋም የአገሩን ቤተ መቅደሶች ለብዙ ዓመታት ፎቶግራፍ ሲያነሣ ኖሮ፣ በመዝገቡ ውስጥ በታሚል ናዱ የስሪፑራንታን ቤተ መቅደስ በ1994 የተነሣ ፎቶግራፍ ተገኘ። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲመረመሩ ምስሉ አንድ ሆነ፤ ወረቀቱም ሐሰት መሆኑ ታወቀ። በ2014 ናታራጃው ወደ ሕንድ ተመለሰ። ፎቶግራፉን ያነሣው ሰው በዚያን ቀን ይህ ይሆናል ብሎ አላሰበም፤ እንዲያው ሥራውን በደንብ ሠራ እንጂ።

በአገራችንም የ1906ቱ የጀርመን ጓድ ያነሣቸውና የነደፋቸው ሥዕሎች ዛሬ የሌለውን ያሳዩናል። በአክሱም የታዕካ ማርያም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ በወረራው ዘመን በመንገድ ሥራ ምክንያት አብዛኛው ስለ ጠፋ፣ ስለ እርሱ የምናውቀው ዋናው ነገር ከዚያ ጓድ ሥራ የተገኘ ነው። የየገዳማቱና የየደብሩ ንዋየ ቅድሳት፣ የየሸንተረሩ ትክል ድንጋይ ግን ከጎኑና ከጀርባው ጭምር ፎቶግራፍ ያልተነሣው ብዙ ነው።

ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ጓደኞቻችን ለጨዋታው ፎቶግራፍ ሲያመጡ እንዲህ ቢያደርጉ እንለምናለን። ቄሱን፣ ሽማግሌውን ወይም የቦታውን ባለቤት ያስፈቅዱ። ነገሩን ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ከኋላም ያንሡት፤ የተሰበረውን፣ የተጠገነውንና የተፋቀውን ሥፍራ በተለይ ቀርበው ያንሡ፤ አንዱን ምስል ከሌላው የሚለየው ውበቱ ሳይሆን እንከኑ ነውና። መለኪያ ዘንግ ባይገኝ አንድ እርሳስ ወይም አንድ ሰው ከጎኑ ይኑር። ጠዋትና ማታ ጥላው ሲረዝም ያንሡ። በስልክ የተነሣም ቢሆን ታትሞ፣ ከጀርባው ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሥፍራው የአገሬው ሰው እንደሚጠራው፣ ፊቱም ወደ ምሥራቅ ይሁን ወደ ምዕራብ ይጻፍበት። ለጨዋታው የሚቀርበው ቅጂ ጀርባው ባዶ ይሁን፤ በመዝገብ የሚቀመጠው ዋናው ግን እነዚህ ሁሉ የተጻፉበት መሆን አለበት።